በበዓሉ አሳታፊ ቴአትር ላይ ጓደኛችን ሳትፈልግ ወደ መድረክ እንዳትወጣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ «ሦስተኛው ረድፍ»

ሰላም ለሁላችሁም። ከትምህርት ቤት ዘመን ጀምሮ ያልተለያየን ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ላይ ቴአትር ማየትን ልማድ ካደረግን ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ዓመት የመረጥነው ተዋንያኑ ከመድረክ እየወረዱ በወንበሮች መካከል የሚዘዋወሩበት፣ አዳራሹም በሙሉ አብሮ የሚዘፍንበትና የሚጮኽበት የበዓል ዝግጅት ነበር። ዝግጅቱ እጅግ ያማረ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ምሽት እስከ ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝን አንድ ነገር አድርገናል።

በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ንጉሡን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ወደ እኛ ረድፍ መጥቶ «በልዕልቲቱ ቦታ ቆማ ፍርድ የምትሰጠኝ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔን ጨምሮ አምስታችንም ሳናመነታ ጣታችንን ወደ አንዷ ጓደኛችን ቀሰርን። ከመካከላችን እጅግ ዝምተኛዋ እሷ ናት። በክፋት አላደረግነውም፤ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀር ሰው ለአንድ ቀን ከፊት ብትቆም ደስ ይላታል ብለን አስበን ነበር። ተዋናዩ እጇን ይዞ አስነሣት። መብራቱ ፊቷ ላይ ሲያርፍ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ በጣቶቿ ጨምድዳ መያዟን ከተቀመጥኩበት ሆኜ አየሁ። የተጠየቀችውን መለሰች፤ አዳራሹም አጨበጨበላትና ተመልሳ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እጅጌዋን አልለቀቀችም፣ አንድም ጊዜ አልሳቀችም።

ዘንድሮ ያው ቡድን አዲስ የበዓል ዝግጅት ያሳያል። ሁላችንም ለመሄድ ስንነጋገር እሷ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ሌላ ቀን አገኛችኋለሁ» አለችን። ያለ እሷ መሄድ አልፈልግም፤ አባብዬ መውሰድም የዓምናውን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም ይመስለኛል። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። ተዋንያን ከተመልካች መካከል ሰው የሚመርጡት በምን ምልክት ነው? የማይፈልግ ሰው ዝግጅቱን ሳያውክ እንዴት ሊያሳውቅ ይችላል? የትኛው መቀመጫ ይሻላል? ደግሞስ መድረክ ላይ መውጣት ለማትፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ቴአትር መምጣት ትርጉም አለው?

መልስ፦ «ከመጋረጃ ጀርባ»

ውድ ጠያቂ፣ በበዓል ሰሞን በሚታዩ አሳታፊ ቴአትሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ተውኛለሁ፤ ንጉሡም ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ሆኖ የሚታየውን ልንገርዎት።

ሰው የምንመርጠው በዚያች ቅጽበት አይደለም። እኔ በሠራሁባቸው ዝግጅቶች የመጀመሪያው ዘፈን ሲዘፈን የአዳራሹ መብራት ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ ይደረግ ነበር፤ ምክንያቱም የተመልካቹን ፊት ማየት ያስፈልገን ነበር። ማን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እንደተቀመጠ፣ ማን ሳይጠየቅ ማጨብጨብ እንደጀመረ፣ ማን ዐይናችንን ሳይሸሽ እንደሚያየን፣ ማን ደግሞ ወደ ጫማው ወይም በእጁ ወደያዘው ወረቀት እንዳቀረቀረ በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች በልባችን እንይዛለን። ልብስ ለመቀየር ስንወጣም «በግራ በኩል አራተኛው ረድፍ ላይ ሰማያዊ የለበሰችው ሴት ደስ ብሏታል፤ ከእሷ ቀጥሎ ያሉትን ሰውዬ ግን አትንኳቸው» እየተባባልን ያየነውን እንለዋወጣለን። አብዛኛው ተመልካች ይህን አያውቅም፤ ድንገት እንደተመረጠ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አምስት ጣቶች ወደ አንድ ሰው ሲቀሰሩ ይፈርሳል። ተዋናዩ ጥያቄውን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ምልክቱን ይጠብቃሉ፤ መድረክ ላይ የሦስት ሰኮንድ ዝምታ ከተመልካቹ ወንበር ሆኖ ከሚታሰበው በላይ ረጅም ነው። በዚህ መካከል የተቀሰረ ጣት ለተዋናዩ መገላገያ ይሆንለታል፤ «ጓደኞቿ ያውቋታል፣ ደስ ባይላት ኖሮ አይጠቁሟትም ነበር» ብሎም ራሱን ያሳምናል። ቀጥሎ በአቅራቢያ ያሉ ሰዎች ለማደፋፈር ማጨብጨብ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ያች ሴት «አይሆንም» የምትለው ለአንድ ተዋናይ ሳይሆን ለአዳራሹ በሙሉ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጥፋቱን ሁሉ በራስዎ ላይ መጫንዎን አልቀበለውም። የከፋው ስሕተት የተዋናዩ ነው። እኔ በሠለጠንኩበት ቡድን ውስጥ ከሁሉ በፊት የተነገረን ደንብ «እጅ ይዘረጋል እንጂ እጅ አይያዝም» የሚል ነበር። የተዘረጋ እጅ መልስ ይጠብቃል፤ የሰው እጅ ይዞ ማስነሣት ግን ሌላው ሊሰጠው የሚገባውን መልስ ነጥቆ መውሰድ ነው። ጭንቅላቱን የነቀነቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገ ወይም ዝም ብሎ ፊቱን ያዞረ ሰው መልሱን ሰጥቷል፤ ተዋናዩም ያንን ሰው ለሣቅ ሳያቀርብ ወዲያው ወደ ሌላው ማለፍ አለበት። አንድ ምሽት ዘውድ ደፍቼ በመተላለፊያው ስሄድ እጄን የዘረጋሁላቸው አንድ አዛውንት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትንሹ ጎንበስ አሉልኝ። እኔም ዘውዴን በእጄ ደግፌ እኩል ጎንበስ ብዬላቸው አለፍኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ንጉሥ ለአንድ ዜጋ እጅ የነሣበት ቅጽበት ሆኖ ተቆጠረ። ያንን ምሽት ከብዙ ጭብጨባ ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

ስለ መቀመጫ ለጠየቁት መልሱ አጭር ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች፣ በመተላለፊያው ዳር ያሉት ወንበሮችና ወደ መድረክ የሚያወጣው ደረጃ አጠገብ ያለው ቦታ ለተዋናይ ቅርብ ናቸው። ከመካከለኛው ረድፍ ወደ ውስጥ የገባ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ለማስነሣት ስድስት ሰባት ሰው ማስቸገር ስለሚያስፈልግ ተዋናዩ ራሱ አይሞክረውም። ፎቁ ላይ ያለው መቀመጫ ደግሞ ከሁሉም የራቀ ነው። ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት ወደ ቲኬት ቢሮው ደውለው ተዋንያን ወደ ተመልካች ይወርዱ እንደሆነ፣ ሰው ወደ መድረክ ያወጡ እንደሆነ፣ የማይፈልግ ሰው የሚለይበት ምልክት ይኖር እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚንቅ ቡድን ካጋጠመዎት ሌላ ዝግጅት ይምረጡ።

መልስ፦ «የቆየ ተመልካች»

ከላይ የተሰጠው መልስ ወደ መድረክ ስለሚወጣው ሰው ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ስለሚቀረው ሰው ልጻፍ፤ ምክንያቱም የጠያቂያችን የመጨረሻ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ የሚከብድ መስሎ ታይቶኛል።

አሳታፊ ቴአትር ሲባል ብዙ ሰው መድረክ ላይ መውጣት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱን የበዓል ቴአትር ለረጅም ዘመን ያቆየው የሚወጣው ሰው ሳይሆን የማይወጣው ሕዝብ ነው። በብሪታንያ ከገና በፊት ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ ድረስ የሚታየውን ፓንቶማይም ተመልከቱ፤ ስሙ ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ የሚሠራውን ትወና ያስታውስ እንጂ፣ ይህኛው በዘፈን፣ በቀልድና በጩኸት የተሞላ የቤተሰብ ቴአትር ነው። በቆየው ልማድ መሠረት ክፉው ገጸ ባሕርይ ከመድረኩ ግራ፣ ደጓ መንፈስ ደግሞ ከቀኝ ይገባሉ፤ ተመልካቹም ክፉውን ገና ሲያየው በጩኸት ይቀበለዋል። ጀግናው አደጋውን ሳያይ ሲቀር አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ከኋላህ ነው!» ይላል፤ ተዋናዩ «አይደለም!» ሲል ሕዝቡ «ነው!» እያለ ይመላለሳሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ብቻውን አይታይም። ዝምተኛ ሰው በመቶዎች ድምፅ መካከል የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሚሰማው ነፃነት፣ ለእኔ መድረክ ላይ ቆሞ ከሚገኘው ጭብጨባ ይበልጣል።

ከዚህ ቴአትር ክፍሎች ሁሉ የምወደው ወደ መጨረሻው ገደማ የሚመጣው ነው። የዘፈኑ ግጥም በትልልቅ ፊደላት የተጻፈበት ጨርቅ ከላይ ይወርዳል፤ ተመልካቹም ለሁለት ተከፍሎ የትኛው ወገን ጮክ ብሎ እንደሚዘፍን ይፎካከራል። ይህ ለጨዋታ ብቻ የገባ አይደለም። ሕዝቡ በሚዘፍንበት ጊዜ ከበስተጀርባ ሠራተኞች የመጨረሻውን ትዕይንት ያደራጃሉ፣ ተዋንያኑም ለስንብቱ የሚያምረውን ልብሳቸውን ይለብሳሉ። እንግዲህ ጓደኛዎ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስትዘፍን ለእነዚያ ሁሉ ሰዎች ጊዜ እየሰጠች ነው፤ ያለ እሷና ያለ መሰሎቿ ዘፈን መድረኩ ባዶ ሆኖ ይቆማል።

ሌላው የሚታወሰኝ የጄ. ኤም. ባሪ ተውኔት «ፒተር ፓን» ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1904 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ልትሞት የተቃረበችውን ትንሿን የተረት መንፈስ ቲንከር ቤልን ለማዳን ተመልካቹ እንዲያጨበጭብ ይጠየቅ ነበር። ባሪ ማንም ባያጨበጭብስ ብሎ በመስጋቱ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው እንዲያጨበጭቡ አስቀድሞ አዝዞ ነበር፤ አዳራሹ ግን ሳይጠብቃቸው አጨበጨበ። ይህን ጥንቃቄ እጅግ አከብረዋለሁ። ደራሲው ተመልካቹን ጠየቀ እንጂ አላስገደደም፤ መልስ ቢያጣም ቴአትሩ የሚቀጥልበትን መንገድ ራሱ አዘጋጀ። ጥሩ አሳታፊ ቴአትር የሚለየው በዚህ ይመስለኛል።

መሳተፍ ስንት ዓይነት እንደሆነ ለማየት ሁለት ተውኔቶችን ማነጻጸርም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1935 በኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ በቀረበው የደራሲዋ አይን ራንድ የፍርድ ቤት ተውኔት 12 ሰዎች ከተመልካቹ መካከል ተወስደው እንደ ጁሪ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፍጻሜውም በእነሱ ፍርድ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታየው «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» ግን፣ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረውን ታሪክ የሚቋጨው የአዳራሹ ሕዝብ በሙሉ ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። የመጀመሪያው ጥቂቶችን በብርሃን ፊት ያቀርባል፤ ሁለተኛው ሥልጣኑን ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሁሉ ያከፋፍላል። ጓደኛዎ የሁለተኛው ዓይነት ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ይህም ከመጀመሪያው አያንስም።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እንኳ ተመልካቹ ትርኢቱን «አቁሙ!» ብሎ አስቁሞ በተዋናዩ ቦታ እንዲገባ የሚፈቅድ የመድረክ ስልት ሲያስፋፋ፣ የሚነሣው ሰው በራሱ ፈቃድ የሚነሣ ነበር። ጣት አይቀሰርም።

መልስ፦ «ወደ ኋላ የዞርኩት»

ሰላም፣ ጠያቂያችን። ታሪክዎን ሳነብ እንደ ጓደኛዎ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ በእኔም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እኔን ያሳዘነኝ መድረኩ አልነበረም። መብራቱና ሕዝቡ አስፈርተውኛል፤ ፍርሃቱ ግን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ለቆኛል። ያልለቀቀኝ ተዋናዩ ሲያስነሣኝ ወደ ኋላ ዞሬ ያየሁት ነው፤ የምወዳቸው ሰዎች ሁሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ይስቁ ነበር። ያደረጉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም በዚያች ቅጽበት እነሱ አንድ ወገን፣ እኔ ሌላ ወገን ሆንን።

ስለዚህ የቲኬቱን ነገር ከማንሣትዎ በፊት ይቅርታ ይጠይቋት፤ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንጂ በስድስታችሁ ፊት አይሁን። በብዙ ሰው ፊት የሚቀርብ ይቅርታ ሌላ መድረክ ነው፤ እዚያም «ምንም አይደለም» ብላ ከመመለስ በቀር ምርጫ አይኖራትም። ደግሞም ይቅርታውን ከግብዣው ጋር አያያይዙት። «ይቅርታ፣ እንግዲህ ትመጫለሽ አይደል?» ቢሏት ይቅርታው ማባበያ ይሆናል። አንድ ቀን ይለፍ።

ፎቁን በተመለከተ ከመጀመሪያው መልስ ሰጪ በጥቂቱ እለያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኞቼ ለእኔ አስበው የፎቅ ቲኬት ገዙልኝ፤ እነሱ ግን ታች ተቀመጡ። ከላይ ሆኜ አንድ ላይ ሲስቁ አየኋቸው፤ ማንም አልነካኝም፣ ሆኖም እንደዚያ ምሽት ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ፎቅ ከሆነ ሁላችሁም ፎቅ፣ መካከል ከሆነም ሁላችሁም መካከል ሁኑ። ወንበሯን እሷ ራሷ ትምረጥ። በሁለት ጎኗ እንደ ዘብ ተቀምጣችሁ በየደቂቃው «ደኅና ነሽ?» እያላችሁም አታስጨንቋት።

እንደገና ሄድኩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎን፣ በሦስተኛው ዓመት ሄድኩ። አንዷ ጓደኛዬ ተዋናይዋ ወደ ረድፋችን ስትቀርብ ከእኔ በፊት ቀና ብላ «እኔ እወጣለሁ» አለች። በዓይኗ እንኳ ወደ እኔ አላየችም። ለምን እንዳደረገችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

መልስ፦ «በር ላይ የቆምኩ»

በአዳራሽ አስተናጋጅነት ስለሠራሁ በተግባር የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን ልጨምር። በጊዜ ግቡ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ስድስት ሰው አጎንብሶ ወደ ረድፉ ሲገባ፣ ከተመልካቹ ጋር የሚነጋገረው ተዋናይ ያንን ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል፤ ሳትፈልጉም የትርኢቱ አካል ትሆናላችሁ። ስትገቡ ደግሞ አንዳችሁ ወደ አስተናጋጁ ቀርባችሁ «በዚህ ረድፍ ላይ መነሣት የማይፈልግ ሰው አለ» ብላችሁ መንገር ትችላላችሁ፤ የማን ስም እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እኔ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ ለመድረክ አስተባባሪው አስተላልፌ፣ ተዋንያኑም ያንን ረድፍ በጥያቄ ሳይሆን በሰላምታ ብቻ ሲያልፉት አይቻለሁ። በዕረፍት ሰዓት ሐሳቧን ቀይራ መውጣት ብትፈልግ አብሯት የሚወጣ ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። ስልካችሁንም አጥፉ፤ ወደ መድረክ የወጣን ሰው ፊት መቅረጽ የዚያን ሰው ፍርሃት ከአዳራሹ ውጭ ማውጣት ነው።

የጠያቂው መመለሻ፦ «ሦስተኛው ረድፍ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ ስድስት ቀን ሆኖኛል፤ ዝም ያልኩት የምነግራችሁ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻዬን ሄድኩ። ስለ ቲኬት አንዳች አላነሣሁም። በጥሞና ከሰማችኝ በኋላ «ወደ ኋላ የዞርኩት» የጻፉትን ሳታነብ እሳቸው የጻፉትን ነገረችኝ፦ «ወደ እናንተ ስዞር አንዳችሁም እጃችሁን አላወረዳችሁም ነበር»። እጅጌዋን ጨምድዳ ስትይዝ ያየሁት እኔ፣ የራሴ ጣት ገና አየር ላይ እንደነበር እስከዚያ ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ሌላ ነገር ብዙ ተጫወትን።

ቲኬት ቢሮውን በማግስቱ ደወልኩላቸው። ተዋንያኑ ዘንድሮም ወደ ተመልካች እንደሚወርዱ፣ ወደ መድረክ የሚያወጡት ግን ከመጀመሩ በፊት በር ላይ ስማቸውን ያስመዘገቡትን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ባለፈው ዓመት ከሌሎች ተመልካቾችም ቅሬታ ደርሷቸው እንደቀየሩት አልሸሸጉም። ይህን ለጓደኛዬ የነገርኳት እሷ ራሷ ስለ ዝግጅቱ ስትጠይቀኝ ነው፤ ያም ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

እመጣለሁ ብላለች። የወንበሩን ካርታ አሳይቻት በሰባተኛው ረድፍ መካከል ያሉትን ስድስት ወንበሮች መረጠች፤ የራሷ ግን መካከለኛው ሳይሆን ከዳር ሁለተኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንድ ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠች፦ ማናችንም ወደ ማንም፣ ለማናውቀው ሰውም ቢሆን ጣት አንቀስርም። ሌሎቹ አራቱ ተስማምተዋል፤ ከእነሱም ሁለቱ ለየብቻቸው ሄደው አነጋግረዋታል።

ልንለያይ ስንል «ግጥሙ ከላይ የሚወርደው ዘፈን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «የቆየ ተመልካች» የጻፉትን አንብቤላት ነበርና። እንደሚኖር ነገርኳት። ከሁለቱ ወገን በየትኛው እንደምንሆን ደግሞ ገና አናውቅም፤ ሰባተኛው ረድፍ ላይ የመክፈያው መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ካለ ቢነግረን ደስ ይለናል።